ለአራት ሰው ሦስት ቲኬት

ባሕር ዳር ባቡር የለም። የቲኬት መስኮት ግን አለ። መስኮት ባለበት ሰልፍ አለ፤ ሰልፍ ባለበት ደግሞ «እኔ እኮ ባለፈው በግማሽ ነው የሄድኩት» የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህ ጉዳይ በ2011 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት በራሴና በቤተሰቤ ላይ የደረሰ ነው። ከባሕር ዳር በጣና ላይ ወደ ዘጌ በጀልባ ሰው የሚያመላልስ አንድ ድርጅት አለ። ለአረጋውያንና ለተማሪዎች ግማሽ ዋጋ ያስከፍላል ይባላል። «ይባላል» ያልኩት በምክንያት ነው፤ እንደ መስኮቱ፣ እንደ ቀኑና እንደ ቆራጩ ይለያያል። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ዋጋውም እንዳያሳብቅበት ሙሉውን ቲኬት 100 ብር ብዬ ሌላውን ሁሉ በዚያ ልክ አዙሬዋለሁ። እውነተኛው ዋጋ ሌላ ነው። ግማሹ ግን ያው ግማሽ ነው።

ጥር 16 ሐሙስ ነበር። በየወሩ 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ እናቴ ደግሞ ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ካልተሳለመች ወሩ የሚያልፍላት አይመስላትም። አራት ሆነን ወጣን፦ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ ፖሊቴክኒክ የምትማረው የእህቴ ልጅ እና እኔ። ጀልባው 1 ሰዓት ላይ ይነሳል። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ነው ጠባዩ የሚቀየረው። ስለዚህ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱን ያጣብበዋል።

መስኮቶቹ ሁለት ናቸው። በግራው አንዲት ሴት፣ በቀኙ አንድ ጎልማሳ ይቆርጣሉ። እኛ ግራውን ያዝን።

እናቴ የቀበሌ መታወቂያዋን ሰጠች። መታወቂያው በ2003 የተሰጠ ነው። የትውልድ ዘመን የለበትም፤ «ዕድሜ 57» ብቻ ይላል። የድሮ የቀበሌ መታወቂያ የያዘ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ወረቀቱ ላይ ዕድሜ አይጨምርም።

«እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«እዚያው ላይ ተጽፏል ልጄ። እኔማ መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ።»

ልጅቷ መታወቂያውን ገለበጠችው። የተሰጠበትን ቀን አየች። በጣቷ ቆጠረች። «57 ላይ 8… 65። እሺ እማማ፣ ግማሽ ነዎት።» ቀጥሎ አጎቴ የጡረታ መታወቂያውን አሳየ። እሷም አየት አድርጋ «ግማሽ» አለች። የእህቴ ልጅ ተራ ሲደርስ ግን ካርዷን ገና ሳትቀበላት «ይሄ አልታደሰም» አለቻት።

«ሴሚስተሩ እኮ ገና ትናንት ነው ያለቀው!»

«የታደሰ ስታመጪ።»

300 ብር ከፈልን። ሁለት ሙሉ፣ ሁለት ግማሽ።

ስንመለስ ዘጌ በኩል መስኮት የለም። ከዛፉ ሥር ቦርሳ ያነገተ ወጣት ቆሞ ይቆርጣል። መጀመሪያ አጎቴን አገኘ፣ ግማሽ። ከኋላው የእህቴ ልጅ ነበረች። ያንኑ አልታደሰም የተባለ ካርድ አሳየችው፣ ግማሽ። እናቴ ጋ ሲደርስ መታወቂያውን በትኩረት አነበበ። «እማማ፣ 57 ይላል። ቅናሹ ከ60 በላይ ነው።» አስረዳሁት። የተሰጠበትን ቀን አሳየሁት። «ጋሼ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የማየው» አለ። አሁንም 300 ብር።

እናቴ አልተቆጣችም። ጀልባው ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች «ስሄድ 65፣ ስመለስ 57» አለች። «ኪዳነ ምሕረት ስምንት ዓመት መለሰችልኝ።» ሳቅን፣ አለፈ።

የካቲት 16 ግን አላሳቀንም። የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። በዚያ ላይ ቅዳሜ ዋለ፤ ቅዳሜ የባሕር ዳር ገበያ ነው። የሰውን ብዛት አስቡት። የቀኙ ሰልፍ አጠር ብሎ አየሁትና ለምን እንዳጠረ ሳልጠይቅ ገባሁበት። ጎልማሳው ቀና ሳይል «በበዓል ቅናሽ የለም» አለ። 400 ከፈልን። ጀልባው ላይ እናቴ አጠገብ የሰፈራችን ሴት ተቀምጠዋል። በግራው መስኮት፣ በዚያው ደቂቃ፣ በግማሽ ነው የተሳፈሩት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ታዲያ በዓሉ ለእሳቸው አልደረሳቸውም?» ስትል መልስ አጣሁ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቲኬትና ደረሰኝ መጣል አልችልም፤ በሽታ ነው። ማታ ቤት ገብቼ የሁለቱን ወር ቲኬቶች ከቦርሳዬ አውጥቼ አልጋው ላይ ደረደርኳቸው። የእያንዳንዱ ሰው ዋጋ ለምን እንደተለያየ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ስጽፍ ግን ሌላ ነገር አየሁ።

የየካቲት 16ቱ አራት ቲኬት ነው። የጥሩ የመሄጃ ሦስት ነው። የመመለሻውም ሦስት።

ደጋግሜ ቆጠርኩ። የጠፋ ይሆናል ብዬ የቦርሳዬን ኪስ ሁሉ ገለበጥኩ። አልጠፋም። ቲኬቱ ስስ ወረቀት ነው፤ ከላይ ቀይ ተራ ቁጥር፣ ከመሐል «ብር 100» የሚል ህትመት። በግማሽ የተቆረጠ፣ 50 የሚል አንድም የለም። በመሄጃው ከሦስቱ በአንዱ ጀርባ ላይ ግን በእስክሪብቶ ትንሽ «2» ተጽፏል።

መጋቢት 10 ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩና ጠዋት ሄጄ ከመስኮቶቹ ራቅ ብሎ ካለው ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እንዳይጠረጥረኝ ጋዜጣ ይዤ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎም አላየኝ። አንዲት እናት ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጅ መስኮቱ ጋ ስትደርስ አዘለችው። የታዘለ ልጅ አይከፍልማ። ጀልባው ጋ ስትደርስ አወረደችው፣ ሮጦ ገባ። ይህን ዘዴ በአውቶቡስም የማያውቅ የለም።

እኔ ያየሁት ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አንዲት ብቻቸውን የመጡ አሮጊት ግራው መስኮት ደረሱ። ባዶ የቡና ከረጢት አጣጥፈው በክንዳቸው ሥር ይዘዋል። ዘጌ በሬ አይጠመድም፣ አይታረስም፤ ኑሮው ቡና ነውና ቡናቸውን ሸጠው የሚመለሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ልጅቷ መታወቂያቸውን አየችና «ትንሽ ይጠብቁኝ እማማ» ብላ ከሰልፉ ዳር አቆመቻቸው። ጠበቁ። አራት አምስት ሰው አለፋቸው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቄስ መጡ። ልጅቷ በመስኮቱ ብቅ ብላ «አባቴ፣ ከእማማ ጋር ይሁኑ» አለች። ከሁለቱም 50፣ 50 ተቀበለች። ቀደደች። አንድ ቲኬት ለቄሱ ሰጠች።

ሰዎቹ አይተዋወቁም። ቲኬቱ ግን አንድ ስለሆነ እስከ ጀልባው መግቢያ ተያይዘው መሄድ ነበረባቸው፤ ቄሱ ቀደም ሲሉ አሮጊቷ በቶሎ እርምጃ ይከተላሉ፣ ልክ እንደ ሙሽራ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ቅናሽ የሚገኘው ለጥንድ ነው። ጥር 16 ጠዋት እናቴና አጎቴ ጥንድ ሆኑ፤ የእህቴ ልጅ ተረፈች፤ ስለዚህ ካርዷ «አልታደሰም»። ማታ አጎቴና የእህቴ ልጅ ጥንድ ሆኑ፤ እናቴ ተረፈች፤ ስለዚህ 57 ዓመቷ ሆነ። ሰበቦቹ ውሸት አልነበሩም። ካርዱ እውነትም አልታደሰም፣ መታወቂያውም እውነትም 57 ይላል። ግን ጥንድ ቢኖራቸው ኖሮ ማንም ሰበቡን አይፈልገውም ነበር።

ለምን ጥንድ? ይህን የነገረኝ የቀኙ መስኮት ጎልማሳ ነው፤ ያ በልቤ የተቀየምኩት። ማታ ሂሳብ ዘግቶ ሲወጣ ጠብቄ ሻይ ጋበዝኩት። መጀመሪያ ጋዜጠኛ መስዬው አልናገርም አለ። የሂሳብ ሰው ነኝ ስለው ግን ፈታ አለ። በእኛ ሙያ «ጉድለት» የሚለው ቃል ሁላችንንም ያስተዛዝነናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ያሳተመው የቲኬት ጥራዝ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ባለ 100። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ የተቀደደው ቲኬት ተቆጥሮ በመቶ ይባዛል። ገንዘቡ ከዚያ ካነሰ ጉድለት ነው፤ ጉድለት ደግሞ ከቆራጩ ደመወዝ ይቆረጣል። ቅናሽ የሰጠ ቆራጭ ቲኬቱ ላይ በእጁ «50» ብሎ ጽፎ፣ የተሳፋሪውን መታወቂያ ቁጥር ከቀሪው ላይ መመዝገብ አለበት። ይህ በየትም አልተጻፈም፤ ሂሳብ ክፍሉ በቃል የነገራቸው ነው። ዓምና ጎልማሳው ቁጥር ሳይመዘግብ የሰጣቸው ቅናሾች ውድቅ ተደርገው ደመወዙ ተነካ።

«ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳልጽፍ አልሰጥም» አለኝ። «በበዓል ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እየጮኸብኝ የማንን ቁጥር ልጽፍ? በበዓል የለም አልኩ፣ አለቀ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማን ከለከለኝ?»

የግራዋ ልጅ በሌላ መንገድ ሄደች። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ነው። ሁለት ሽማግሌ በአንድ ባለ 100 ቲኬት ካሳፈረች ሂሳቧ ልቅም ያለ ነው፤ ጉድለት የለ፣ ቁጥር መመዝገብ የለ። የዘጌው ወጣት ይህንኑ ከእሷ ተምሯል። ጀርባ ላይ የምትጽፈው «2» ለጀልባው በር ጠባቂ ምልክት ነው። ለዚህ ነው የእኛም ክፍያ ጠዋትም ማታም 300 የሆነው፤ በጥንድ እስከተቆረጠ ድረስ ድምሩ ምንጊዜም በመቶ ይዘጋል። ኦዲተር ዓመት ሙሉ ቢፈትሽ አያገኘውም።

አንድ ብርም አልሰረቀችም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ጉዳዩን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «በላችው» ነውና። ለሽማግሌዎቹ አዝና ያመጣችው ዘዴ ነው። ግን የሚጎዳው ማን እንደሆነ እዩ፦ ብቻውን የመጣ፣ የማይጠብቅ፣ የማይታወቅ። ከጓደኛው ጋር የሚመጣ ተማሪ በግማሽ ይሄዳል፤ ብቻዋን የመጣች ባልቴት ወይ ቆማ ትጠብቃለች ወይ ሙሉ ትከፍላለች።

ቅናሹን የደነገገውን ወረቀትም በጎልማሳው በኩል አየሁት። ሦስት መስመር ነው። አረጋውያንና ተማሪዎች የጉዞውን ግማሽ ዋጋ እንዲከፍሉ መወሰኑን ይገልጻል፤ ከሥሩ ክብ ማኅተም። አረጋዊ ማለት የስንት ዓመት ሰው ነው? አይልም። በምን ማስረጃ? አይልም። የዘጌው ልጅ ያለኝ «ከ60 በላይ» ከጡረታ ዕድሜ የመጣ የአፍ ወግ ነው። እሱ ራሱ ደግሞ አጎቴ ላይ ይፈርሳል። አጎቴ ወታደር ነበር። በሠራዊቱ የጡረታ ዕድሜ በማዕረግ ስለሚወሰን ከሲቪሉ ቀድሞ ነው የወጣው፤ በዚያ ጥር ገና 56 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ የ56 ዓመቱ ሰው በጡረታ መታወቂያ ሁሌም በግማሽ ሲሄድ፣ የ65 ዓመቷ እህቱ «ገና 57 ነዎት» ይሏታል። ወረቀቱ ደግሞ የሚገኘው በቆራጮቹ መሳቢያ ውስጥ ነው። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያስገድዳል። መሳቢያ በግልጽ የሚታይ ቦታ ነው የሚል ካለ ልስማው።

አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፌ ለድርጅቱ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ ቁጥር ሰጡኝ። ሁለት ሳምንት ዝም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ በአካል ሄድኩ።

ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡኝ፣ ደብዳቤዬን አነበቡ፣ «ሰው ሲበዛ ስህተት አይጠፋም፤ እናስተካክላለን» አሉ። ይህ አነጋገር የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ሰዓታቸውን ማየት ሲጀምሩ ሦስቱን የጥር ቲኬቶች ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩ።

«ጌታዬ፣ በእነዚህ ቲኬቶች ስንት ሰው የተሳፈረ ይመስልዎታል?»

«ሦስት ነዋ።»

«አራት ነን።»

ዝም አሉ። አንዱን ቲኬት ገለበጡ። «2»ን አዩ። ከዚያ ስልክ አንስተው የጀልባውን አዛዥ ጠሩና የተሳፋሪ ቁጥር በምን እንደሚመዘግብ ጠየቁት። መልሱን እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ሰማሁት፦ በተቀደደው ቲኬት ነዋ፣ በሌላ በምን?

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ 50 ብር ነበር የማስበው። እሳቸው ናቸው ቀድመውኝ የደረሱበት። ጀልባው የሚጭነው የሰው ልክ አለው። ልኩ የሚቆጠረው በቲኬት ነው። በየካቲት 16 ስንት ጥንድ እንደተሳፈረ የሚያውቅ የለም፤ ከልኩ አልፎ እንደሆነም አይታወቅ። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው ተብሎ አይናቅም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ነው፣ የከበደ ጀልባ አይወድም። አንድ ነገር ቢደርስ ደግሞ ስንት ሰው እንደሚፈለግ የሚናገረው ወረቀት ውሸት ይናገራል።

ሳስበው የገረመኝ ነገር አለ። ከሦስቱ ቆራጮች የሰው ቁጥሩ ልክ የነበረው ያ «በበዓል ቅናሽ የለም» ያለው ጎልማሳ ብቻ ነው። አራት ሰው፣ አራት ቲኬት። እናቴን በዓሏን ያስከፋት ሰው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከፋሲካ በኋላ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ 60 ዓመት የሞላው፣ መታወቂያው ላይ ዕድሜ ብቻ ከተጻፈ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እየተቆጠረ፤ ተማሪ የታደሰ ካርድ ሲያሳይ፤ በበዓልም በአዘቦትም። ቢጫ ባለ 50 ጥራዝም ታተመ። ለአንድ ሰው አንድ ቲኬት ሆነ። ስለታዘለ ልጅ አሁንም የሚል ነገር የለም።

የግራዋ ልጅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደደረሳት ጎልማሳው ነገረኝ። ይሄኛው አላስደሰተኝም። ጥራዙን በአንድ ዓይነት ያሳተመው ሰው ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው አልሰማሁም። ደብዳቤ ላይ ስለ እሷ ቀና ነገር መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። አሁንም መስኮቱ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አላያትም።

ግንቦት 16 ዓርብ አራታችንም ሄድን። እናቴ ቢጫ ቲኬቷን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የእህቴ ልጅ ካርዷን አሳድሳለች፣ ቢጫ። አጎቴ በኩራት የጡረታ መታወቂያውን ዘረጋ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ እሱን አየች።

«ጋሼ፣ 60 አልሞላዎትም። ሙሉ ነው።»

ከየት እንደመጣ ገብቶታል። ወደ እኔ ዞረ፣ 100 ብሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ እስከ ዘጌ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዓሣ ጠብሰን በላን። ዓሣውንም በዝምታ በላው።

ስንመለስ ዛፉ ሥር ያ ወጣት ቦርሳውን እንዳነገተ ቆሟል። ቢጫው ጥራዝ ዘጌ ገና አልደረሰም። የእናቴን መታወቂያ ተቀበለ፣ የተሰጠበትን ቀን አየ፣ ቆጠረ። ተምሯል። ከዚያ ግን ባለ 100 ጥራዙን ይዞ ግራ ቀኝ አየ።

«እማማ፣ ጥንድ አለዎት?»

አጎቴ ከኋላችን ድምፁን አሰማ። «እኔ አለሁ።»